ከነሾፌሩ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ማታ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ቃል ለመናገር ነው። ቃሉም በየቀኑ ከአፋችን የማይለየው «ሾፌር» የሚባለው ነው። ከእናንተ መካከል «ስለዚህ ደግሞ ምን የሚነገር አለ? መኪና የሚነዳ ሰው ሾፌር ይባላል፤ አለቀ» የሚል አይጠፋም። እኛም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረንም። ነገር ግን በዚያ ክረምት ሦስት ነገሮች ተከታትለው ደረሱብን፤ ሦስቱም ወደዚሁ ቃል መለሱን። ስለዚህ መጀመሪያ የሆነውን እንነግራችኋለን፤ ቀጥለን ቃሉ ከየት እንደ መጣ እንመለከታለን፤ በመጨረሻም እኛው ራሳችን የሠራነውን አንድ ስሕተት በፊታችሁ እናርማለን።

እንደምታስታውሱት ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከማኅበራችን አባሎች ስምንት የምንሆን ተማሪዎች ልጆችን ለማስጠናት ወደ ቢዮ አዋሌ ሄደን ነበር። ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ ከተማ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ናት። ስሟ ራሱ ትምህርት ይሰጣል፤ «ቢዮ» በሶማልኛ ውሃ ማለት ነው። ልጆቿ አንዱ በኦሮምኛ የጀመረውን ነገር ሌላው በሶማልኛ ይጨርሰዋል፤ ከእኛ ጋር ሲሆኑ ደግሞ አማርኛውን ይጨምሩበታል። እኛ በአንድ ቋንቋ ስንሰናከል እነርሱ በሦስቱ ሲሮጡ አይተን አፍረናል።

አንድ ቀን በአማርኛው ትምህርት ሰዓት «ስታድጉ ምን ለመሆን ትፈልጋላችሁ?» ብለን ጠየቅናቸው። አንዷ ሐኪም፥ አንዱ መምህር፥ አንዱ ወታደር አለ። ዐሥር ዓመት ግድም የሚሆነው አንድ ልጅ ተነሣና «ሾፌር» አለ። ከእኛ አንዱ የውጭ አገር ቃል ማረሙ መስሎት በሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «አሽከርካሪ» ብሎ ጻፈ። ልጁ ጽሑፉን ቀስ ብሎ ፊደል በፊደል አነበበና ፊቱ ተለዋወጠ። «ቲቸር፥ እኔ አሽከር አልሆንም። አጎቴ ሾፌር ነው፤ የማንም አሽከር አይደለም» አለ። ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። እኛም ሣቅን፤ ይህን አንሸሽግም። ይባስ ብለን ደግሞ «አንተ ጎበዝ ተማሪ ነህ፤ ከሾፌርነት የተሻለ ነገር ተመኝ» አልነው። ልጁ ተቀመጠ። በዚያ ሳምንት እጁን ሁለተኛ አላነሣም። አንደኛው ነገር ይህ ነው።

ሁለተኛው የደረሰብን በምንመለስበት ቀን ነው። ያመላለሰን አንድ ሚኒባስ ነበር። ነጂው ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፥ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ፥ «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ተነሥተን ጥቂት እንደ ሄድን አንድ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ዘንድ ስንደርስ መኪናውን ወደ ጥግ አውጥተው ሞተሩን አጠፉ። በራሳችን ላይ አንድ ጠብታ ዝናብ የለም፤ ፀሐዩ ይፋጃል፤ አሸዋውም ምጣድ ሆኗል። «ጋሼ፥ ምን ሆነ?» ብንላቸው በአገጫቸው ወደ ተራራው አመለከቱን። ከላይ ጠቁሯል። «እንጠብቅ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኛ ግን አጉረመረምን። ከመካከላችን አንዱ፥ «ሾፌር ናቸው ወይስ የአየር ጠባይ ጠንቋይ?» እስከ ማለት ደረሰ። ሩብ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ እንደ ብዙ ከብት ኮቴ ያለ ድምፅ ሰማን፤ ከዚያ ያ ደረቅ አሸዋ በደፈረሰ ውሃ ተሞላ። ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ሲያልፍ ቆመን አየን። የድሬዳዋን ታሪክ የምታውቁ ሁሉ በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው እንደ ወሰደ ትረሱታላችሁ ብለን አናስብም። ያን ዕለት ደግሞ እኛ ስምንታችን ተሻግረን ለመሄድ ስንቸኩል ነበር።

ውሃው እስኪጎድል ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠን ስናወራ፥ ጋሼ አፋቸውን ከፈት አደረጉና፥ «እስቲ እናንተ የተማራችሁ ልጆች ይህን ፍቱልኝ። አባቴ ሾፌር ነበር፤ ነገር ግን እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ መሪ ጨብጦ አያውቅም» አሉን። ግራ ገባን። አንዱ «ታሞ ነበር?» አለ፤ ሌላው «መኪናው ተበላሽቶ ነው?» አለ። እርሳቸውም ሥቀው፥ «አባቴ በምድር ባቡር ላይ እሳት የሚያነድ ሰው ነበር። በፈረንሳዮቹ አነጋገር ሾፌር ማለት እርሱ ነው። ባቡሩን የሚነዳው ሌላ ሰው ነው» አሉን። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየቀኑ የምንጠራው ቃል ትርጉሙ ምን እንደ ሆነ ያን ዕለት በወንዝ ዳር ሰማን።

ወደ ግቢያችን ተመልሰን መዝገበ ቃላቱን ስናገላብጥ ሰውየው ያሉት እውነት ሆኖ አገኘነው። በፈረንሳይኛ «ሾፌ» ማለት ማሞቅ፥ ማጋል ነው፤ እርሱም ከላቲን የወረደ ሲሆን በላቲኑም ትርጉሙ ሙቅ ማድረግ ነው። እንግዲህ ሾፌር ቃል በቃል ቢተረጎም «አሙቂ» ወይም «አንዳጅ» ይሆናል። ስሙ በመጀመሪያ የተሰጠው ከምድጃና ከእቶን ፊት ቆሞ እሳት ለሚቆሰቁስ ሠራተኛ ነው። የእንፋሎት ባቡር በተፈለሰፈ ጊዜ በባቡሩ ራስ ላይ ሁለት ሰዎች ይቆሙ ነበር። አንዱ የሚነዳው ሲሆን ፈረንሳዮች «መካኒሲየን» ይሉታል። ሁለተኛው እሳቱን የሚመግበውና ውሃውን የሚጠብቀው ነው፤ «ሾፌር» የተባለው ይህ ነው። በእኛ አገር የመኪና አሠራር ብንመስለው የዚያን ጊዜው ሾፌር የዛሬው ረዳት ነበር ማለት ነው።

ይህ ቃል ለድሬዳዋ እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ሥራ የፈቀዱለት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ መስመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ከተማ ሆነ፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፥ በኋላም ድሬዳዋ በሚለው ስሙ ጸና። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከባሕሩ ዳር እስከ ዋናው ከተማ 784 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው በዚህ መስመር ላይ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረ። የድሬዳዋው ለገሃሬና የአዲስ አበባው ለገሐር ስማቸውን ያገኙት «ላ ጋር» ማለትም ጣቢያው ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። «ባቡር» የሚለውም ራሱ በዐረብኛ በኩል የደረሰን ሲሆን ሥሩ እንፋሎት ማለት የሆነ የአውሮፓ ቃል ነው። ስለዚህ ባቡርና ሾፌር በትርጉም ሲታዩ የአንድ ምድጃ ልጆች ናቸው፤ አንዱ እንፋሎቱ፥ ሌላው እንፋሎቱን የሚያፈላው ነው።

ታዲያ እሳት አንዳጁ እንዴት መሪ ያዘ? የመጀመሪያዎቹ ያለፈረስ የሚሄዱ ሰረገላዎች የሚሠሩት በእንፋሎት ነበር። ኩኞ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1769 የሠራው ሰረገላ በፊቱ ትልቅ የውሃ ማፍያ ጋን ተሸክሞ ይሄድ ነበር። ከዚያም በኋላ ቤንዚን በመጣ ጊዜ ከቀደሙት ሞተሮች ብዙዎቹ ከመነሣታቸው በፊት በእሳት የሚግል ቱቦ ነበራቸው። መኪና ያለው ሰው ወደ መንገድ ከመውጣቱ አስቀድሞ ማሞቅ ግዴታው ነበር። ስለዚህ ፈረንሳዮች በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ባለመኪናውን ሁሉ ሾፌር ብለው ጠሩት። ቀጥሎም ባለጸጋው ከኋላ ተቀምጦ ሌላ ሰው ቀጥሮ ሲያስነዳ ስሙ ወደ ተቀጣሪው ተላለፈ። እንግሊዞች ቃሉን ሲዋሱት ይህን የመጨረሻውን ትርጉም ያዙ፤ በእነርሱ ዘንድ ሾፌር ማለት የሀብታም ሰው የግል መኪና ነጂ ነው። በእኛ ዘንድ ግን የከባድ መኪናውም፥ የአውቶቡሱም፥ የታክሲውም ሰው እኩል ሾፌር ነው። በዚህ አማርኛችን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለሰው እኩልነት አድልቷል ብንል አልተሳሳትንም።

ቃሉ በጉዞው አንድ ክፉ ቀንም አሳልፏል። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን በገጠር ቤት እየሰበሩ የሚገቡ ሽፍቶች ነበሩ። ገንዘብ የሸሸገውን ገበሬ እግሩን ወደ እሳት አቅርበው ያለበትን ቦታ እስኪናገር ድረስ ያቃጥሉት ነበር። ሕዝቡም እነዚህን ሽፍቶች «ሾፌሮች» ይላቸው ነበር። እንግዲህ አንዱ ቃል የሠራተኛ ስም፥ የሽፍታ ስም፥ የባለጸጋ ስም፥ ደግሞም የተቀጣሪ ስም ሆኖ አገልግሏል። ቃል ራሱ ክብርም ውርደትም የለውም፤ ሰዎች እንደሚያለብሱት ይለብሳል።

እኛ አገር ሾፌር ከመግባቱ በፊት የነበረን ቃል «ነጂ» ነው። ይህ የቤታችን ቃል ነው። በግእዝ «ነድአ»፥ በአማርኛ «ነዳ» ይባላል፤ ከብትን ከኋላ ሆኖ ወደ ፊት ማስኬድ ማለት ነው። በሬ ነጂ፥ አህያ ነጂ፥ ግመል ነጂ ከመኪና ነጂ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው። በሌሎች አገሮችም የሆነው ይኸው ነው። ዐረቦች የመኪናውን ሰው «ሳኢቅ» ይሉታል፤ ሥሩ ግመልና ከብት መንዳት ነው። የእንግሊዞቹ «ድራይቨር» በጥንት ትርጉሙ መንጋ የሚያስኬድ ሰው ነው። ሶማልኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ከእንግሊዝኛው ወስደው «ዳረወል» ብለውታል። ስለዚህ ከቢዮ አዋሌ ልጆች አንዱ በአማርኛ «ነጂ» ሲል ጓደኛው በሶማልኛ «ዳረወል» ቢለው፥ ቃሎቹ በተለያየ መንገድ ዞረው የመጡ ቢሆኑም የሁለቱም መነሻ ያው የከብት መንጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ እንበል። «ነዳ» እና «ነደደ» በአማርኛ ጎረቤታሞች ይመስላሉ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። ከነዳ ነጂ፥ ከነደደ ግን ነዳጅና አንዳጅ ይወጣሉ። ነጂው ነዳጅ ለመቅዳት ወረፋ ሲይዝ ሁለቱ ቃላት በአንድ ሰልፍ ላይ ይገናኛሉ፤ እንጂማ አንዱ ከመንጋው፥ ሌላው ከእሳቱ የመጣ ነው።

ሦስተኛው ቃል በቢዮ አዋሌ ሰሌዳ ላይ የጻፍነው «አሽከርካሪ» ነው። ዛሬ በመንግሥት ወረቀት ላይ የምናየው ይህ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600፥ ኋላም በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074 ሁለቱም የሚናገሩት ስለ «አሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ነው። ሕዝቡ ግን ያችን ወረቀት ዛሬም «መንጃ ፈቃድ» እያለ ይጠራታል፤ አፉን ወደ መንጋው መለሰ ማለት ነው።

አሽከርካሪ ከአሽከር ጋር ዝምድና የለውም። አሽከር ሎሌ ነው። አሽከርካሪ ግን «ተሽከረከረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን የሚያዞር፥ የሚያሾር ማለት ነው። ሽክርክሪትና ተሽከርካሪ ወንድሞቹ ናቸው። ቃሉን ጮክ ብላችሁ ብትሉት «ከር፥ ከር» እያለ ራሱ ሲዞር ትሰሙታላችሁ። በግእዝም የሰረገላ እግር «መንኰራኵር» ይባላል፤ እርሱም «ኰር፥ ኵር» ይላል። ኦሮምኛም እንደዚሁ መኪናን «ኮንኮላታ»፥ የሚነዳውን ሰው «ኮንኮላቺሳ» ይለዋል፤ መነሻው መንከባለል ነው፤ ድምፁም እየተደጋገመ ይንከባለላል። ስለዚህ ያ ልጅ በቤቱ ቋንቋ «ኮንኮላቺሳ» ብሎ ቢናገር ኖሮ እኛ ሰሌዳው ላይ የጻፍነውን ቃል በትክክል በተናገረ ነበር። የእኛ ጥፋት ቃሉን መጻፋችን ሳይሆን ሳናብራራለት መሣቃችን ነው። ሁለት ደቂቃ ወስደን ብንፈታለት ኖሮ ሣቁ በልጁ ላይ ሳይሆን ከልጁ ጋር ይሆን ነበር።

እንግዲህ ሦስት ስሞች አገኘን። ሾፌር ስሙን ከእሳት፥ ነጂ ከመንጋ፥ አሽከርካሪ ከመንኰራኵር ወሰደ። ሦስቱንም አጠገብ ላጠገብ አስቀምጠን ስናያቸው አንድ ነገር ገረመን። ሦስቱም ሰውየው እጁን ያሳረፈበትን ነገር ይናገራሉ፤ በኋላው የተቀመጠውን ሰው ግን የሚያነሣ የለም። ያ ሰው በዚያ ወንዝ ዳር ምን ሠራ? እሳት አላነደደም፥ መንጋ አልነዳም፥ ጎማም አላሽከረከረም። ሞተሩን አጥፍቶ ተቀመጠ። የዚያን ዕለት ትልቁ ሥራው አለመንዳቱ ነበረ። ለዚህ ሥራ በሦስቱም ስሞች ውስጥ ቦታ የለም።

የመኪናውንም አካል ስም ብትመረምሩ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። መኪና፥ ጎማ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ቸርኬ፤ እነዚህን የተዋስነው ከኢጣልያኖች ነው። ሰውየው በፈረንሳይኛ ይጠራል፥ ዕቃው በኢጣልያንኛ ይጠራል። በመካከላቸው ግን ከአማርኛ በቀር ሌላ ስም ያላገኘ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሰውየው በሁለት እጁ የሚጨብጠው «መሪ» ነው። አባቶቻችን ያን ክብ ነገር ሲያዩ ለአገር አለቃ የሚሰጡትን ስም ሰጡት። ስለ መሪነት በዚህ ማኅበር ውስጥ ብዙ ንግግር ተደርጓል፤ እኛም ብዙ አጨብጭበናል። ነገር ግን መሪ የሚባለውን ነገር በእጁ ይዞ፥ ስምንት ሰዎች እያጉረመረሙበት ያመነበትን ሲያደርግ ያየነው አንድ ሰው ቢኖር እኚያ ሾፌር ናቸው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር እንምጣ፤ ይህም የራሳችን ጥፋት ነው። ከቢዮ አዋሌ እንደ ተመለስን ለማኅበሩ የሥራ መግለጫ አቅርበን ነበር። በመግለጫው ውስጥ የስምንታችን ስም ከነአባታችን ስም ተጽፏል፤ የሰጡን መምህራንና ሽማግሌዎች በማዕረጋቸው ተመስግነዋል፤ የጠመኔው ብዛት ሳይቀር ተቆጥሯል። ስለ ጉዞው ግን እንዲህ የሚል አንድ መስመር አለ፤ «አንድ ሚኒባስ ከነሾፌሩ ተከራይተን ስምንት ሰዎች ሄደን ስምንታችንም በሰላም ተመልሰናል።»

ይህን መስመር የጻፍነው እኛ ነን። ስንጽፈው ምንም አልተሰማንም፤ ሁሉም ሰው የሚጽፈው እንደዚህ ነው። ነገር ግን ቃሉን መመርመር ከጀመርን በኋላ መግለጫውን እንደገና ስናነበው «ከነ» በምትለው ትንሽ ቃል ላይ ዓይናችን ቆመ። በቅሎ ከነኮርቻዋ ይሸጣል፤ ድስት ከነክዳኑ ይገዛል፤ ቤት ከነዕቃው ይከራያል። «ከነ» ዋናው ነገር ሲሄድ ተከትሎ የሚሄደውን ዕቃ የምታስከትል ናት። በእኛም ጽሑፍ ውስጥ ዋናው ነገር ሚኒባሱ ሆነ፤ ሰውየው ኮርቻ ሆኑ። በወንዝ ዳር ሕይወታችንን የጠበቁልን ሰው ከጎማውና ከክሪኩ ጋር ተቆጠሩ።

ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህን ስናጫውታቸው፥ «እንግዲያውስ ‹ከነአሽከርካሪው› ብላችሁ ማረም ነዋ» አሉን። ቀልዳቸው ትልቅ ቁም ነገር አለበት። እኛ ብዙ ጊዜ አንድን ሥራ ልናከብር ስንፈልግ ስሙን እንለውጥለታለን፤ በአዲሱ ስም ግን በአሮጌው ዓይን እናየዋለን። ሾፌርን አሽከርካሪ አልነው፤ ዛሬም ግን በታክሲ ውስጥ ስሙን የሚጠይቀው ሰው የለም። «ወራጅ አለ!» ብለን እንጮኻለን፤ ቢያቆምልን እንወርዳለን፥ ቢያልፍብን እንሰድበዋለን። «ከነ» እስካልወጣች ድረስ ፈረንሳይኛውን አውጥቶ አማርኛውን ማግባት ምንም አይጠቅምም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሾፌር ሁሉ እንደ ጋሼ ነው ልንላችሁ አልመጣንም። ጎርፍ እያየ የሚገባ፥ እንቅልፍ እያዳፋው የሚነዳ፥ የጫነውን ሰው የሚረሳ ሞልቷል፤ ስንት ቤት እንደ ተዘጋ እናንተም ታውቃላችሁ። ነገር ግን ይህ ራሱ አሳባችንን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም። የሰው ነፍስ በእጁ እንዳለ የሚነግረው የሌለ፥ ሁልጊዜ ከመኪናው ጋር እንደ ዕቃ የሚቆጠር ሰው፥ በኋላው ያለውንም ሰው እንደ ጭነት ቢቆጥር ምን ይደንቃል? እኛ እርሱን ከነመኪናው፥ እርሱም እኛን ከነሻንጣችን ይቆጥረናል።

ስለዚህ በዛሬው ማታ ለማኅበራችን ሁለት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛው፥ ያ መግለጫ ይታረም። በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ «ስምንት» የሚለው ተሰርዞ «ዘጠኝ» ይጻፍ፤ የዘጠነኛውም ሰው ስም ከነአባታቸው በስምንታችን መካከል ይግባ። ይህን ለማድረግ ሰውየውን አስፈቅደናል። «በመዝገብ ጻፉት፤ በስብሰባ ላይ ግን እንዳትጠሩኝ፥ አፍራለሁ» ስላሉን ነው ዛሬ ስማቸውን ያልሰማችሁት። ስለ አባታቸውም ጠይቀናቸው ነበር። በእሳቱ ፊት ብዙ ዓመት ሠርተው፥ በናፍጣ የሚሄዱት ባቡሮች በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ እየበዙ ሲመጡ የሚያነዱት እሳት እንዳጡ ነግረውናል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ዛሬ ባቡር የሚነዳውን ሰው ሾፌር የሚለው የለም። ስሙ ከተወለደበት ባቡር ወርዶ መኪና ላይ ከወጣ ቆይቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶቹ ግን እሳቱን ሲያነዱ ማንም ሳያያቸው አልፈዋል።

ሁለተኛው ነገር የራሳችን ዕዳ ነው። በሚመጣው ዕረፍት ወደ ቢዮ አዋሌ ስንመለስ ያን ልጅ ፈልገን እናገኘዋለን። በሰሌዳው ላይ ሾፌር፥ ነጂ፥ አሽከርካሪ፥ ዳረወል፥ ኮንኮላቺሳ የሚሉትን አምስቱንም ስም እንጽፋለን፤ እሳቱንም፥ መንጋውንም፥ መንኰራኵሩንም እንነግረዋለን። ከዚያም የትኛውን እንደሚወድ እንጠይቀዋለን። «የተሻለ ነገር ተመኝ» ያልነውንም ቃል በክፍሉ ፊት እናነሣለን፤ ምክንያቱም የተናገርነው በክፍሉ ፊት ነው። እርሱ ሾፌር ሊሆን ከፈለገ የምንመኝለት ደረቅ አሸዋ አይቶ ስለ ተራራው የሚያስብ ሾፌር እንዲሆን ነው።

 ወደየቤታችሁ ስትሄዱ መኪና የምትሳፈሩ ካላችሁ፥ ከመውረዳችሁ በፊት መሪውን የያዘውን ሰው ስሙን ጠይቁት።